ማስመሪያው ወደ ታች ሲወርድ

እሑድ ማታ። አሁን ገና ኮምቦልቻ ቤቴ መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ነገ ፋብሪካ ከገባሁ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ስለሚወጣ ዛሬውኑ ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት ደሴ እናቴ ቤት ወጥቼ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዙ ሲወጡት ግን ሌላ አገር የሚሄዱ ያስመስላል። ታች በስስ ሹራብ ተሳፍሬ፣ ላይ ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የኅዳር ብርድ ደሴ ላይ ቀልድ አያውቅም።

ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ፍራሽ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ዙሪያዋን ወረቀት በትና አገኘኋት። 11ኛ ክፍል ናት። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለባት። "እቴቴ፣ እንኳን መጣሽልኝ!" አለችና ሰላምታውን ሳንጨርስ ደብተሯን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ዋይ = ኤክስ² የሚለው ፓራቦላ እና ዋይ = 2ኤክስ + 3 የሚለው መስመር ስንት ቦታ ይገናኛሉ? ልጅቷ ሁለቱን እኩል አድርጋ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥታ፣ ኤክስ² − 2ኤክስ − 3 = 0 ብላለች። ከዚያ ዲስክሪሚናንቱን አወጣች፤ 4 + 12፣ ማለትም 16። ከዜሮ ስለሚበልጥ ሁለት ቦታ። ልክ ነው። የሚቀጥለውም ልክ ነው። እኔ የማርመው አልነበረም።

"ታዲያ ምኑ ነው ያስቸገረሽ?"

"መሥራቱማ አላስቸገረኝም። ግን 16ቱ ምንድን ነው?"

"ዲስክሪሚናንት ነዋ።"

"ስሙንማ አውቀዋለሁ" አለችኝ።

ዝም አልኩ። እኛ በጊዜያችን "ቢ ስኩዌር ማይነስ ፎር ኤሲ" (ኤ ከኤክስ² ፊት ያለው ቁጥር፣ ቢ ከኤክስ ፊት ያለው፣ ሲ ብቻውን የቆመው) እያልን እንደ ሀሁ በዜማ ነበር የያዝነው። ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለት፣ ዜሮ ከሆነ አንድ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ የለም። በዚያው ፈተና አልፈን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ በዚያው ረሳነው። እኔ የቁጥሩን ምልክት ብቻ ነበር የማየው። 16 ይሁን 160 ምን አገባኝ? ከዜሮ በላይ ነው፣ አበቃ።

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቡና እየቆሉ ነበር። (እኛ ቤት እናት አንቱ ነው የምትባለው። ኮምቦልቻ ያሉ የሥራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።) "ምንድን ነው ነገሩ? በአማርኛ በሉትና እኔም ልስማው" አሉ።

"እማዬ፣ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አለ ይበሉ። ሌላው ደግሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወርዶ የሚወጣ ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም የሚለውን ሳንሄድበት የሚነግረን ቁጥር ነው።"

"ሳትሄዱበት?"

"ሳንሄድበት።"

"እንግዲያ ሽማግሌ ነው በሉኛ። ልጁና ልጅቱ ሳይተያዩ ይሆናል፣ አይሆንም ብሎ የሚመለስ።"

ሳቅን። ግን እኮ የልጅቷን ጥያቄ እሳቸውም አልመለሱትም። ሽማግሌው ይሆናል ብሎ መጣ፤ 16 የምትለውን ከየት አመጣት?

ባለ ካሬ ደብተር አስመጣሁ። ፓራቦላውን በነጥብ በነጥብ ሳልነው። 0 ላይ 0፣ 1 ላይ 1፣ 2 ላይ 4፣ 3 ላይ 9፣ በግራም እንዲሁ። ከዚያ ማስመሪያውን በመስመሩ ላይ አስተኛሁት። ፓራቦላውን የነካው ሁለት ቦታ ነው፤ ኤክስ −1 ላይ እና ኤክስ 3 ላይ። አሁን ማስመሪያውን ሳላጋድለው፣ ያዘመመበትን እንደያዘ፣ ቀስ ብዬ ወደ ታች ሳብኩት። ዋይ = 2ኤክስ ላይ ሲደርስ መገናኛዎቹ 0 እና 2 ሆኑ። ተቀራረቡ። ዋይ = 2ኤክስ − 1 ላይ ሁለቱም 1 ላይ ተደራረቡ። ከዚያ በታች ማስመሪያው ለብቻው ወረደ። ሳህኑን የሚነካው ነገር የለም።

"ሌላ አንዴ" አለች። ደገምኩት። በሦስተኛው ማስመሪያውን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ሳበችው። ከጎኑ ዲስክሪሚናንቶቹን ጻፈች። 16። ከዚያ 4። ከዚያ 0። ከዚያ −4።

ቡናው ተወቅጦ ጀበናው ተጣደ። እሷ ወረቀቱን እያየች ዝም ብላለች። ድንገት "ከ−1 እስከ 3 አራት ነው" አለች። "አራት በአራት አሥራ ስድስት! ከ0 እስከ 2 ሁለት። ሁለት በሁለት አራት!"

እኔ ይህን አላየሁትም ነበር። እውነቴን ነው የምለው። ስንት ዓመት ያሰላሁት ቁጥር በሁለቱ መገናኛዎች መካከል ያለው አግድም ርቀት በራሱ ሲባዛ የሚመጣ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ተነግሮኝም ከሆነ አልሰማሁም። ዜሮ የሚሆነው ርቀቱ ዜሮ ሲሆን ነው። ኔጌቲቭ ሲሆን መገናኛ የሚጠፋው ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ኔጌቲቭ የሚሆን ርቀት ስለሌለ ነው።

ሁልጊዜ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ዋይ = 2ኤክስ² እና ዋይ = 2ኤክስ + 4 ወሰድን። ዲስክሪሚናንቱ 36 መጣ። መገናኛዎቹ −1 እና 2 ናቸው፤ ርቀቱ 3። የ36 ሥር ግን 6 ነው። ደነገጥን። ትንሽ ቆይቶ ገባን። ከኤክስ² ፊት ባለው 2 መካፈል አለበት፤ 6 ለ2፣ 3። እፎይ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በመጀመሪያው ሥዕል −1 እና 3፣ 0 እና 2፣ 1 እና 1፣ የሁሉም መሐል 1 ነው። ማስመሪያው ሲወርድ ሁለቱ ነጥቦች ከግራና ከቀኝ እኩል እየተራመዱ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ። ይህን የጥንቱ ግሪካዊ አርኪሜዲስም ያውቀው ነበር፤ አንድን ፓራቦላ ሁለት ቦታ የሚቆርጡ ትይዩ መስመሮች፣ የመገናኛዎቻቸው መሐል ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ልጅቷ ሌላ ጉድ አመጣችብኝ። "ቀጥ ብሎ የቆመ መስመርስ? ኤክስ = 2?" ማስመሪያውን አቆመችው። ፓራቦላውን አንድ ቦታ ብቻ ወግቶ ያልፋል፤ 2 ላይ፣ ከፍታው 4። አንድ ቦታ! ታካኪ (ሳይሰነጥቅ ነክቶ ብቻ የሚያልፍ መስመር) ነው ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። አይታከክም፤ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ዲስክሪሚናንት ልናወጣ ብንል ደግሞ እኩልታው ኤክስ² የለውም። ኤክስን በ2 ስንተካ ዋይ = 4 ሆኖ እዚያው ያልቃል። ለካ "አንድ ቦታ መገናኘት" እና "መታከክ" አንድ ነገር አይደሉም። እኔ ዕድሜ ልኬን አንድ ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት።

ሁለተኛው ቡና ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ አበራን። ልጅቷ "ፓራቦላ ግን ደሴ ውስጥ የት አለ?" አለች። ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ አሳየኋት፤ መሐሉን ሰንጥቆ ለሚያየው ጠርዙ ፓራቦላ ነው። እናቴ ግን ሌላ ጨዋታ ጀመሩ፤ የከተማዋ ስም የወጣው አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ነው የሚባለውን። በፈረንጆቹ 1882 በቀን ሳይቀር የታየ ትልቅ ኮሜት ነበር። ኮሜቱ በፀሐይ አጠገብ ሲዞር መንገዱ ከፓራቦላ አይለይም ነበር። በትክክል ሲለካ በጣም የረዘመ ሞላላ ነው፤ ስለዚህ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ይመለሳል። ይህን ስላቸው እናቴ "እኔ አልደርስበትም" ብለው ስኒውን አቀበሉኝ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በስልኬ ሳነብ አደርኩ። ዲስክሪሚናንት የሚለውን ስም ያወጣው ሲልቬስተር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ በ1851። ትርጉሙም "ለዪ" እንደ ማለት ነው። ነገሩ ግን ከስሙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ያለ ምንም ምልክት፣ በቃላት ብቻ ጽፎታል። አንድ ካሬና 21 ድርሃም አንድ ላይ የካሬውን ሥር አሥር እጥፍ ከሆኑ፣ ሥሩ ስንት ነው? የአሥርን ግማሽ ውሰድ፤ 5። በራሱ አባዛ፤ 25። 21 ቀንስ፤ 4። ሥሩ 2። ከ5 ብትቀንሰው 3፣ ብትጨምረው 7። ሁለቱም ይሠራሉ። ከዚያ ያስጠነቅቃል። የግማሹ ብዜት ከድርሃሙ ካነሰ ጥያቄው አይቻልም። እኩል ከሆነ ደግሞ ሥሩ ግማሹ ራሱ ነው።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳቸው። "በድርሃም ከሆነማ ይገባል" አሉ።

ዛሬ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጋ ነው የተቀመጥኩት። ሐረጎ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እኔ በደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ያላለቀልኝ ነገር −4 ነበረች። 16 ስለ ርቀት የምትናገር ከሆነች፣ −4ም ዝም ብላ "የለም" ብቻ ልትል አትችልም። ዋይ = 2ኤክስ − 2 ወሰድኩ። ፓራቦላውና መስመሩ ሽቅብ ሲለኩ በጣም የሚቀራረቡት ኤክስ 1 ላይ ነው። እዚያ ፓራቦላው 1፣ መስመሩ 0። ክፍተቱ 1። ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፤ ዋይ = 2ኤክስ − 3። ዲስክሪሚናንቱ −8፣ ክፍተቱ 2። ዲስክሪሚናንቱ፣ የመቀነስ ምልክቱ ቀርቶ፣ በ4 ሲካፈል ነው! ሳይገናኙ ሲቀሩም በስንት እንደተራራቁ ይናገራል። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ወረቀቴን አይተው "የዕቁብ ሒሳብ ነው?" አሉኝ። አዎ ብዬ ተገላገልኩ።

ቤት እንደደረስኩ ለልጅቷ በቴሌግራም አንድ ጥያቄ ላክሁላት። ዋይ = ኬኤክስ − 4 የሚለው መስመር ያንኑ ፓራቦላ እንዲታከክ ኬ ስንት ይሁን? እኔ አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ። ኬ² − 16 = 0፤ ኬ 4 ነው፤ የሚታከከው 2 ላይ ነው። ደብተሬ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ይህን እየጻፍኩ መልሷ ገባ። የወረቀት ፎቶ ነው። ከታች ከ−4 ተነስተው ሳህኑን ከግራና ከቀኝ የሚደግፉ ሁለት መስመሮች። ከሥሩ "እቴቴ፣ 4 እና −4 አይደል?" ይላል።

ማስመሪያ ፈለግሁ፤ ቤቴ ውስጥ የለም። የፋብሪካ ባጄን ከቦርሳዬ አውጥቼ በጠርዙ የግራውን አሰመርኩት።