ፋሲካና የሰፈራችን ውሾች

ወዳጆቻችንና ተከታዮቻችን፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙን በሰላም ለፈታችሁ ሁሉ መልካም ፋሲካ።

55ቱን ቀን ሰው በፈቃዱ ይጾማል፤ የአዲስ አበባ የሰፈር ውሻ ግን ሳይጠየቅ ነው የሚጾመው። ሥጋ ቤቶች በብዛት ይዘጋሉ፣ የምግብ ቤቱ ትራፊ ሽሮና ምስር ብቻ ይሆናል፣ ውሾቹ ጎናቸው እየገባ አጥንታቸው ይቆጠራል። ይህ መልእክት በእነዚህ ሳምንታት ማታ ማታ ባልዲ ይዘው ለዞሩት ምስጋና ነው። ብዙዎቹ ድርጅት የላቸውም፤ የግቢ ጥበቃዎች፣ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ እናቶች ናቸው። «የሰው ልጅ ተርቦ ለውሻ?» የሚለውን ወቀሳ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

እኛን የሚያስደንቀን ማዘናቸው ብቻ አይደለም፣ ሥራውን ማወቃቸው ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ውሻ ሲያዩ ሳህን ሙሉ ሥጋ አያቀርቡለትም። የከሳ ገላ ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት የደሙ ማዕድን ይዛባና ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ስለዚህ በደንብ የበሰለ ሥጋ ከጥቂት ሩዝ ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ እያሉ ይሰጡታል፤ መጠኑን በቀናት ውስጥ ያሳድጋሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የተጣሉ ቡችሎች ጉዳይ ነው። ውሻ 63 ቀን ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ ሴቶቹ ቡችሎች «ነገ ትወልድብናለች» ተብለው ዓይናቸውን ሳይገልጡ በካርቶን ይጣላሉ። ያገኛቸው ሰው ወዲያው ወተት ሊያጠጣቸው ይሮጣል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። የበረደው ቡችላ ሆድ አይፈጭም፣ ወተቱ እዚያው ይበላሻል። መጀመሪያ ሙቀት። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ መጠቅለል፣ ከጎናቸው ማስቀመጥ፣ ሲሞቃቸው ፈቀቅ የሚሉበት ባዶ ቦታም መተው። ከዚያ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ በሆዳቸው አስተኝቶ መመገብ። እንደ ሕፃን በጀርባ አስተኝቶ ማጠጣት ወተቱን ወደ ሳንባ ይሰደዋል፤ በአፍንጫው አረፋ ካያችሁ ያ ሆኗል ማለት ነው። የላም ወተት ብቻውን ለቡችላ ቀጭን ነውና ያስቀምጠዋል። ለአንድ ሁለት ቀን መሸጋገሪያ ግን አንድ ብርጭቆ ወተት ከ3 የእንቁላል አስኳልና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ይመታል፤ ነጩ አይገባም። ከተመገቡ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጥጥ የሽንትና የዓይነ ምድር መውጫቸውን በቀስታ ማሸት ያስፈልጋል፤ እናት በምላሷ ካላነቃቃቻቸው እነሱ ራሳቸው መሽናት አይችሉም።

ለወቀሳው መልስ የሚሆነው ክትባቱ ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፣ በየዓመቱ ይደገማል። በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ውሾችን በመርዝ መግደል ያንን አይሠራም፤ የሞቱትን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። የሰፈሩ ውሻ ደግሞ ለመርፌ የሚቀርበው ለሚመግበው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ግቢ። ዛሬ ረሃቡ በአንድ ጊዜ ጥጋብ ይሆናል፣ ችግሩም ያኔ ይጀምራል። የዶሮ ወጥ ፍትፍት ለውሻ አይሰጥም፤ ሽንኩርት ቢበስልም ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻን ለመጉዳት 150 ግራም ይበቃል፣ ድመት ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎዋ 5 ግራም። ድድ መገርጣቱና ሽንት ቡና መምሰሉ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ወጡን የሚጠረጥር የለም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ይሾልና አንጀት ይወጋል። 12ቱ ብልት ከወጣ በኋላ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ለብቻው ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን አውጥታችሁ በእንጀራ ስጡ።

በግ ያረዳችሁ ሳንባውንና ጉበቱን እዩት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር ጽድቅ አይደለም። በውስጡ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል በውሻው አንጀት ያድግና ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ከዚያ በእጅና በጎመን ወደ ሰው ይገባና በጉበት ወይም በሳንባ ለዓመታት ያብጣል። በጥልቁ ቅበሩት። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ደግሞ 30 ደቂቃ ማፍላት ይበቃል።

በግርግሩ ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቅጠልና በርበሬ አይነካውም። በዓል ነው ብላችሁ ሳታሳድሩ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን አትግደሉት፤ ሳትነካኩት ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ። በጤና ካለፈ፣ በነከሰ ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፣ ሐኪሙም በዚያ ተመርቶ ስለቀሪው መርፌ ይወስናል። የትኛው ውሻ መቼ እንደተከተበ የሚያውቁት እነዚያ ባልዲ የያዙት ሰዎች ናቸውና ስልካቸውን ከዛሬ ጀምሮ ያዙ።