ዘፈን ከነሽፋኑ፦ ያገኘሁትን ሙዚቃ ለወዳጆቼ የማካፍለው እንዴት ነው?

ጥሩ ዘፈን ሳገኝ ለብቻዬ ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ለሌላ ሰው ካላሰማሁት ደስታው ይጎድልብኛል። በተለይ ኢንዲ ሙዚቃ ሲሆን። ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ፣ በራሳቸው አቅም ወይም በትንንሽ አሳታሚዎች በኩል የሚሠሩ ሙዚቀኞች ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ የላቸውም። ሥራቸው ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ አርብ አርብ ለወዳጆቼ አንድ ዘፈንና አንድ ምስል መላክ ልማድ አደረግሁ። ምስሉ የአልበም ሽፋን፣ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አብሬ የምልከው ለማሳመር ብቻ አይደለም። ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ባንድ ሊንክ እንዲሁ አይከፍትም። ዓይኑን የሚይዝ ነገር ሲያይ ግን "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ይጫነዋል።

ፍለጋውን የምጀምረው ከምወደው አልበም ነው። ፕሮዲዩሰሩ ማነው? ያሳተመው ማነው? ሽፋኑንስ ማን ሠራው? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ በር ከፍቶልኛል። ቮን ኦሊቨር የሚባል እንግሊዛዊ ዲዛይነር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን ውስጥ ለተመሠረተው ፎር ኤ ዲ ለተባለ አሳታሚ ለብዙ ዓመታት ሽፋን ሠርቷል። ምስሎቹ ድብዝዝ ያሉ፣ ጥልቀት ያላቸው፣ ምን እንደሆኑ ቶሎ የማይለዩ ናቸው። የእሱን ሥራ እየተከተልኩ ኮክቶ ትዊንስ፣ ፒክሲስና ላሽ የሚባሉ ባንዶችን ሰማሁ። ሙዚቃቸው በጣም ይለያያል፤ ያገናኘኝ የአንድ ሰው እጅ ነው።

ሌላው መንገዴ ባንድካምፕ ነው፤ ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ። አንድ አልበም ስትከፍቱ የገዙት ሰዎች ምስል ተደርድሮ ታያላችሁ። አንዱን ስትጫኑ የዚያ ሰው ስብስብ ይመጣል። አንዳንዱ የትኛውን ዘፈን ለምን እንደወደደው በአጭሩ ጽፏል። እኔ ከአልጎሪዝም ይልቅ በእነዚህ ሰዎች እተማመናለሁ። አልጎሪዝሙ የሚያመጣልኝ የምወደውን የሚመስል ነገር ነው። ገንዘቡን አውጥቶ የገዛ ሰው ግን ጨርሶ ወዳልጠበቅሁት ቦታ ይወስደኛል።

ስለ አቀራረብ ብዙ ያስተማረኝ ጆይ ዲቪዥን የሚባል የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋክተሪ በሚባል የማንቸስተር አሳታሚ የወጣው "አንኖውን ፕሌዠርስ"። ሽፋኑን ብዙ ሰው በቲሸርት ላይ አይቶታል፤ ጥቁር መደብ ላይ የተደራረቡ ነጭ ሞገዶች። ከፊት ለፊቱ የባንዱም የአልበሙም ስም የለም። ሞገዶቹ ግን ከእውነተኛ ኮከብ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ፐልሳር (በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ቅሪት) በየ1.3 ሰከንዱ ገደማ የሚልከው የሬዲዮ ምት ነው፤ 80 ምቶች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው። ሥዕላዊ መግለጫው መጀመሪያ የወጣው በአንድ ተመራማሪ የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ነው። ዲዛይነሩ ፒተር ሳቪል ቀለሙን ገልብጦ ጥቁሩን መስመር ነጭ አደረገው።

ይህን ለወዳጆቼ ስልክ "ምርጥ አልበም ነው" አላልኩም። መጀመሪያ የምስሉን ታሪክ ጻፍኩ። ቀጥዬ "ቤዝ ጊታሩን ተከታተሉት፤ ከሥር አይደበቅም፣ ዜማውን ራሱ ነው የሚመራው" አልኩ። ሮክ የማይሰማ፣ ስለ ሕዋ ማንበብ ግን የሚወድ ጓደኛዬ አልበሙን ሙሉውን ሰማው። የገባው በምስሉ በኩል ነው፤ የቀረው ግን ለሙዚቃው ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ "ልብ ይነካል"፣ "ድንቅ ነው" የሚሉ ቃላትን ተውኩ። ለሰው የሚጠቅመው የት ጋ ጆሮ እንደሚሰጥ ማወቁ ነው። "ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ ሲቆም ጠብቁ" ብትሉት ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ሁለቱን ደቂቃ ሰማ ማለት ነው! አሥር ዘፈን አንድ ላይ መላክም አያዋጣም። ሰው "በኋላ እሰማዋለሁ" ይልና በዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለኝም፤ የሠሪው ስም። ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ባለቤት የሌላቸው ይመስል ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። ምስሉን ከመላኬ በፊት በምስል መፈለጊያ አስገብቼ መነሻውን አጣራለሁ። የማን እንደሆነ ካላወቅሁ፣ የቱንም ያህል ቢያምር አልልከውም። ከስሙ ጋር የሰዓሊውን ገጽ እጨምራለሁ፤ አንዱን ሥራ የወደደ ሌሎቹንም ያያላ።

የዘፈኑም ሊንክ ቢቻል ሙዚቀኛው ገንዘብ ወደሚያገኝበት ቢያመራ ይመረጣል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው በአብዛኛው 15 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ አርቦች ድርሻውን ለሙዚቀኞቹ ይተዋል። እኔም አርብን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። መግዛት የፈለገ ሰው ካለ በደህና ቀን ይደርሰዋል።

"ሰማችሁት ወይ?" ብዬ አልጠይቅም። ጥያቄው ሙዚቃውን የቤት ሥራ ያደርገዋል። ከወር በኋላ "ያ የላክሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም" የሚል ይመጣል። ይልቅስ የምጠይቀው የእነሱን ነው። አሁን በተራ እንላላካለን። ባለፈው አንዷ ጓደኛዬ በራሴ ፈልጌ የማልደርስበትን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላከች፤ ከአንድ የሊኖ ኅትመት (ለስላሳ ንጣፍ ላይ ተቀርጾ ከሚታተም ሥዕል) ጋር። ከሁለት ቀን በኋላ የአሳታሚውን ሙሉ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እያዳመጥኩ ነበር።