ለ3 ቀን ብቻ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ፕሮፎርማ ጠየቅኩ። ለመንግሥት የምርምር ፈንድ ውድድር ከምናስገባው ፕሮፖዛል ጋር ይያያዛል። ዕቃው ጂፒዩ ነው፤ ብዙ ስሌት በአንዴ የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል። በቆቦ ማሽላ ማሳዎች በስልክ ከተነሱ ፎቶዎች አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም የያዘውን ማሽላ የሚለይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ሞዴል ለማሠልጠን።

ልጁ ዋጋውን ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ከታች አንድ መስመር ጨመረ፦ «ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለ3 ቀን ብቻ ነው።»

«የእኛ ግምገማ እኮ ወራት ይፈጃል» አልኩት።

«አብሽሩ መምህር፣ ያኔ ይምጡ፣ አዲስ እጽፍልዎታለሁ።»

ከአዲስ ዋጋ ጋር ማለቱ ነው።

አልፈረድኩበትም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል፤ እሱም የነገውን አያውቅም። ፎርሙ ግን የሁለት ዓመት በጀት በብር፣ በየመስመሩ ተከፋፍሎ ይፈልጋል። ስናሸንፍ ገንዘቡ ግማሽ ጂፒዩ ቢገዛ ነው። (ግማሽ ደግሞ አይሸጥም።)

ውድድሩን አልጠላም። ገምጋሚ ሐሳባችንን ይበጥረው፣ ደካማው ይውደቅ። ግን እኔ ብጠየቅ ማሽኑን ከየፕሮፖዛሉ አወጣው ነበር። አንድ የጋራ ማዕከል ይኑርና አሸናፊው በብር ፈንታ የማሽን ሰዓት ይሰጠው። ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል፤ መብራትና ኔትወርክ ካሉ።

አቀንጭራ እንደሆነ በጀት ዓመት አያውቅም። ከአፈር በላይ ብቅ ሳይል ነው የማሽላውን ሥር ይዞ የሚመጠው።

ገና ሁለት ፕሮፎርማ ይቀረናል። ጂፒዩ የሚያስመጣ የምታውቁ ኢንቦክስ በሉኝ።