ከፍዬ ምን አገኛለሁ? የዲስክ ጎልፍ ውድድርና የመመዝገቢያ ብር ነገር

"አራት መቶ ብር ከፍዬ ምን አገኛለሁ?" የዲስክ ጎልፍ ውድድራችን መመዝገቢያ አራት መቶ ብር ነው ካልን ወዲህ ይሄን ጥያቄ ከየአቅጣጫው እየሰማሁት ነው፣ በስልክ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር። ጥያቄው ደግሞ ትክክል ነው፣ ሰው ብሩን አውጥቶ ሲሰጥ ምን እንደሚመለስለት የመጠየቅ መብት አለው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ በአጭሩ ከምመልስ የማስበውን ሁሉ እዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ለማያውቀው ሰው፣ ዲስክ ጎልፍ እንደ ጎልፍ ነው፣ ግን በዱላና በኳስ ፈንታ ዲስክ፣ ማለትም እንደ ሳህን ክብ የሆነ የፕላስቲክ መወርወሪያ ነው የሚወረወረው፣ በጉድጓድ ፈንታ ደግሞ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት አለ፣ ባነሰ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። እኛ የምንጫወተው ሱሉልታ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። ቅርጫቶቹን ብየዳ ቤት አሠራን፣ ሰንሰለቱን ከመርካቶ ገዛን፣ ዘጠኝ ናቸው፣ ሁለት ዙር ስንዞራቸው አሥራ ስምንት ይሆናል። እስካሁን ማንም ማንንም ብር ጠይቆ አያውቅም፣ የመጣ ይጫወታል፣ ዲስክ የሌለው ይዋሳል። አሁን ግን ከጥምቀት በኋላ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ውድድር እናዘጋጅ ተባለ፣ ብር ይዋጣ ተባለ፣ በቃ ጭቅጭቁ ከዚያ ጀመረ።

ከመካከላችን በጣም ጎበዝ የሆነው ልጅ ሐሳቡ አንድ ነው፣ የተዋጣው ሁሉ ለአሸናፊዎች ይሁን። "ሠላሳ ሰው አራት አራት መቶ ቢከፍል አሥራ ሁለት ሺህ ነው፣ አንደኛ ስድስት፣ ሁለተኛ አራት፣ ሦስተኛ ሁለት፣ አለቀ" ይላል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ይሄ ተራ የማይደርስበት ዕቁብ ነው፣ በዕቁብ እኮ ዛሬ ባይደርስህ በሚቀጥለው ይደርስሃል፣ ብርህ ወደ አንተ እንደሚመለስ ታውቃለህ፣ እዚህ ግን ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ እንደሚወጣ ዲስክ ሳይወረወር ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ወር የጀመረች ልጅ ለምንድን ነው ለእሱ ስድስት ሺህ ብር የምታዋጣው? አንዴ ታዋጣለች፣ ሁለተኛ አትመጣም። እሷ ካልመጣች ደግሞ ሦስቱ ጎበዞች እርስ በርሳቸው ብር እየተለዋወጡ ይቀራሉ።

ስፖርቱ ያደገበት አሜሪካ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ይጠቅማል፣ እነሱ በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመት ተጨቃጭቀውበታል። እዚያ ውድድሩን የሚመራው ፒዲጂኤ የሚባል የተጫዋቾች ማኅበር ነው፣ በፈረንጆቹ 1976 የተመሠረተ። መሥራቹ ኤድ ሄድሪክ ይባላል፣ ሰንሰለት ያለውን ቅርጫት የፈጠረውም እሱ ነው፣ ከዚያ በፊት ሰዉ ዛፍ፣ የመብራት እንጨት፣ የቆሻሻ በርሜል እያነጣጠረ ነበር የሚጫወተው። (ሰውዬው በ2002 ሲያርፍ በፈቃዱ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል። ስፖርቱን ይሄን ያህል ነበር የሚወደው።)

እና እዚያ ተጫዋቹ በሁለት ይከፈላል፣ ፕሮ እና አማተር። ፕሮው መመዝገቢያ ከፍሎ ይገባል፣ ጥሩ ከተጫወተ ጥሬ ገንዘብ ይወስዳል፣ ገንዘቡ የሚያበቃበትን ደረጃ ካሽ ላይን ይሉታል፣ ከዚያ በታች የወጣ ባዶ እጁን ይሄዳል። አማተሩ ግን በጥሬ ገንዘብ አይሸለምም፣ ፕሮ ምድብ ገብቶ ብሩን ከተቀበለ አማተርነቱ ይቀራል፣ ስለዚህ ሽልማቱ በዕቃ ነው፣ ዲስክ፣ ቦርሳ፣ ልብስ፣ ወይ ዕቃ የሚያወጣበት ኩፖን። ከዚያ ሌላ ብዙ ውድድር ላይ ሲመዘገብ ለሁሉም እኩል የሚሰጥ ዕቃ አለ፣ ፕሌየርስ ፓክ ይሉታል፣ አንድ ዲስክ ወይ ቲሸርት ይሆናል። አሸነፍክም ተሸነፍክም የአንተ ነው።

ጭቅጭቁ ያለው የዕቃው ዋጋ ላይ ነው። አዘጋጁ ዲስኩን የሚገዛው በጅምላ ዋጋ ነው፣ ለሽልማት ሲያቀርበው ግን የሚቆጠረው በችርቻሮ ዋጋ ነው፣ በመካከል ያለችው ልዩነት የውድድሩን ወጪ ትሸፍናለች፣ አንዳንዴም የፕሮዎቹን የሽልማት ብር ከፍ ታደርጋለች። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን አንዳንዱ አማተር "ታዲያ እኔ ለፕሮው እየከፈልኩ ነው" ብሎ ይናደዳል፣ ሌላው ደግሞ "ዲስኬን አግኝቻለሁ፣ ቀኑን በደንብ አሳልፌያለሁ፣ ምን ቸገረኝ" ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ፕሮዎች የሚኖሩት በሌላ ተጫዋች መመዝገቢያ አይደለም፣ ፖል ማክቤዝ በ2021 ከዲስክራፍት ጋር የ10 ዓመት የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ነው የፈረመው፣ ብሩ የመጣው ዲስክ ከሚሸጥ ኩባንያ ነው። እንዲህ ዓይነት ስፖንሰር በሌለበት ሱሉልታ ላይ አሸናፊውን ሀብታም ለማድረግ ከጀማሪ ኪስ መውሰድ ለእኔ አይገባኝም።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። አሜሪካ አብዛኛው የዲስክ ጎልፍ ሜዳ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው፣ በነፃ ገብተህ ቀኑን ሙሉ ትጫወታለህ፣ ስለዚህ ሰዉ ለሜዳ መክፈል አልለመደም፣ ሲከፍል የሆነ ዕቃ በእጁ እንዲገባ ይፈልጋል። እኛ ግን የሰው ዛፍ ውስጥ ነን። ባለቤቱ አባባ ደግ ሰው ናቸው፣ "ልጆቼ ተጫወቱ፣ ብቻ ለጋውን እንዳታቆስሉብኝ" ነው ያሉን፣ ምክንያቱም ዛፉ ነገ አጣና ሆኖ የሚሸጥ ንብረታቸው ነው፣ ዲስክ ደግሞ ለጋ ዛፍ ላይ ሲያርፍ ልጡን ይልጠዋል። ከዘመድ ጋር ስንጫወት አንድ ነገር ነው፣ ሠላሳ ሰው ይዘን ስንመጣ ግን ለአባባ መክፈል አለብን፣ ቀጫጭኖቹን ዛፎች በጆንያ መጠቅለል አለብን፣ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ያን ቀን ከብቱን ወደ ሌላ በኩል እንዲወስዱልን መለመንና ለእነሱም የሆነ ነገር መስጠት አለብን። ይሄ ሁሉ ከመመዝገቢያው ነው የሚወጣው፣ ተጫዋቹ ግን አያየውም፣ ስላላየው ብሩ የት እንደገባ ይጠይቃል።

ታላቁ ሩጫን ተመልከቱ። በ2001 በፈረንጆቹ ሲጀመር አሥር ሺህ ሰው ነበር የሮጠው፣ ዛሬ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሆኗል። ከዚያ ሁሉ ሰው ለገንዘብ ሽልማት የሚሮጠው ከፊት ያሉት ጥቂት አትሌቶች ናቸው፣ ሌላው ከፍሎ የሚገባው ቲሸርቱን ለብሶ፣ መንገዱ ተዘግቶለት፣ በሙዚቃ መካከል እየጨፈረ አሥር ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ነው። ቲሸርቱን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይለብሰዋል። "ከፍዬ ምን አገኘሁ" የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ያገኘውን ስለሚያውቅ።

የሰፈር ኳስ ዋንጫ ላይ ግን ሌላ ነው ያየሁት። አንድ ክረምት የሰፈራችን ቡድን መመዝገቢያ ከፍሎ ገባ፣ ጨዋታው በየሳምንቱ ይዘዋወራል፣ ዳኛ አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ዋንጫው ተሰጠ፣ ከዋንጫው የተረፈው ብር ግን የት እንደደረሰ አንድም ሰው ተነስቶ አልተናገረም። አዘጋጆቹ በልተውታል እያልኩ አይደለም፣ ምናልባት ከኪሳቸውም ጨምረው ይሆናል። ግን ዝም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ቡድን አልተመዘገበም፣ ያ ውድድር ከዚያ በኋላ ሞተ። ልጆቹ የተናደዱት በብሩ ማነስ ወይ መብዛት አልነበረም።

ወደ ዲስኩ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ትልቁ ነገር እሱ ነው። እኛ ዲስክ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። አሜሪካ ያለ ተጫዋች ሽልማት ሆኖ የመጣለትን ዲስክ "ይሄ አለኝ" ብሎ ሊሸጠው ይችላል፣ እኛ ጋ አንድ ዲስክ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ሲቀር ግን ጨዋታው ቆሞ ሁሉም ድንጋይና እንጨት ይወረውራል። በዚያ ላይ ሱሉልታ 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩ እንደ ቆላ አይንሳፈፍም፣ ለፈጣን እጅ የተሠራውን ከባድ ዲስክ ጀማሪ ሲወረውረው ቶሎ ወደ ግራ ታጥፎ ይወድቃል (ቀኝ እጅ ከሆነ ማለቴ ነው)። ለጀማሪ ቀለል ያለ፣ በቀላሉ የሚሄድ ዲስክ ነው የሚያስፈልገው፣ እና ያ ዲስክ በአብዛኛው ጀማሪው እጅ የለም፣ ቦርሳቸው የሞላው የጎበዞቹ ነው። ስለዚህ ዲስክን ለአንደኛ መሸለም ላለው መጨመር ነው። ሰሞኑን የገቡልን ጥቂት ዲስኮች አሉ፣ የእኔ ሐሳብ በዕጣ ይሰጡ ነው፣ ዕጣው ውስጥ የሚገባው ደግሞ የራሱ ዲስክ የሌለው ሰው ብቻ፣ ሁለቱም ዙር እስከጨረሰ ድረስ፣ ሠላሳኛም ይውጣ።

አሁን አራት መቶዋን ልንገራችሁ። ሠላሳ ሰው ከመጣ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ምሳ ለአንድ ሰው አንድ መቶ ስድሳ፣ ማለትም አራት ሺህ ስምንት መቶ፣ እዚያው መንገድ ዳር ያለችው እናት ሽሮና ጎመን ልትሠራልን ተስማምታለች። ለአባባና ለጥበቃው ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ቅርጫቶቹ እኔ ጋ ግቢ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፣ ፒክአፕ ተከራይቶ ማመላለስ ሁለት ሺህ ነው፣ ነዳጅ ከጨመረ ደግሞ እሱም ይጨምራል። ዋንጫ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ሃይላንድ ውኃ ስድስት መቶ፣ ቀለም፣ ጆንያ፣ የውጤት ወረቀትና ፋሻ ስድስት መቶ። ደምሩት፣ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ያልቃል፣ አንድ ሳንቲም አይተርፍም፣ ሃያ ሰው ብቻ ከመጣ ደግሞ ይጎድላል። ለአዘጋጆቹ የተያዘ የለም።

ከዚህ በላይ ግን ተጫዋቹ ሊጠብቅ የሚገባው በብር የማይገዛው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፣ እና እዚህ ላይ እኛን አጥብቃችሁ ያዙን። ሦስት ሰዓት ብለን ከጠራን ሦስት ሰዓት ይጀመር፣ አበሻ ቀጠሮ እያልን አራት ተኩል አናድርገው፣ ምክንያቱም ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተጋፍቶ የመጣ ሰው ማታም ተመልሶ መሄድ አለበት፣ ከመሸ በኋላ መኪና ማግኘት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሕጉ ሳይጀመር ይነገር፣ ዲስኩ አጥሩን ቢያልፍ ስንት እንደሚጨመርበት ጨዋታው መካከል አይፈጠር። ውጤቱን አብረው ከሚዞሩት መካከል ሁለት ሰው ይጻፈው እንጂ አንዱ ብቻ አይያዘው። ሽንት ቤት! ይሄን ወንዶቹ አንስተውት አያውቁም፣ ሴቶቹ ናቸው ያነሱት፣ ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ የምትውለው ሴት ንጹሕ ሽንት ቤትና ውኃ ማግኘት አለባት፣ አባባ የግቢያቸውን ፈቅደውልናል፣ ሳሙናና ውኃ ከእኛ ነው። አንዷ እህታችን "ሽልማት አልፈልግም፣ ይሄ ከተስተካከለ እህቶቼን ይዤ እመጣለሁ" ነው ያለችኝ፣ እኔ ከስድስት ሺህ ብር ሽልማት ይልቅ ይሄ ነው ሰው የሚያመጣው እላለሁ።

ለጎበዙ ጓደኛችንም ክብር አለኝ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ላይ ብቻውን ቅርጫት እያቆመ የሚለማመድ ልጅ ነው፣ ልፋቱ ዋጋ ይገባዋል። ዋንጫው ላይ ስሙ ይቀረጽለት። ብር የሚፈልጉ ደግሞ ከመመዝገቢያው ውጪ በፈቃዳቸው ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥተው በአንድ ውርወራ ቅርጫት ያስገባ ይውሰደው ይበሉ፣ አሜሪካም እንዲህ ይደረጋል፣ የፈለገ ይገባል ያልፈለገ ይቀራል። ለሁሉም የሚከፈለው ብር ግን ለሁሉም ይሁን።

እና አሁን ያለንበት ይሄ ነው። መመዝገቢያ አራት መቶ በቴሌብር፣ ተማሪ ሁለት መቶ፣ የተማሪውን ልዩነት ሁለት ጓደኞቻችን ከኪሳቸው ሊሸፍኑ ቃል ገብተዋል። መክፈል የማይችል ከዋዜማው መጥቶ ቅርጫት ያቁም፣ ጆንያ ያስር፣ እንደማንም ይጫወታል፣ ምሳም ይበላል። ሂሳቡ እስከ ደረሰኙ በዚያው ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጠፋል፣ ጎደለም ተረፈም። ያልተወሰነው የሴቶች ዋንጫ ብቻ ነው፣ እስካሁን የተመዘገቡት ጥቂት ስለሆኑ አንዳንዶች አብረው ይወዳደሩ እያሉ ነው፣ እኔ ለብቻ ይሁን ባይ ነኝ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ይወስኑ ብለናል፣ እስከ እሁድ ንገሩን።