እህሉን ከመግዛታችሁ በፊት ማስጫውን ያዙ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገሬ ሰው። ብርዱ ሲጠና ሥጋ ካልቀመስክ አትችለውም ማለቱ ነው። እኔ ጽጌን ስለምጾም በጥቅምት አጥንት የለኝም። ጽጌ የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ መጸውም የሚገባው በዚያው ቀን ነው። ጽጌ ኅዳር 5 አብቅቶ ትንሽ ፋታ ይሰጥና ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ እስከ ገና ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሁሉም ሰው አይጾመውም። ለሚጾመው ግን መጸው ከሞላ ጎደል የጾም ወቅት ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ጠዋትና ማታ አጥንት ይሰረስራል።

በዚህ ወቅት ሆድ የሚይዝ፣ አንጀት የሚያርስ የጾም ምግብ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። እኔ እሠራለሁ፤ በምሠራውም እኮራለሁ። ግን ምግቡ የሚወሰነው ድስቱ ሳይጣድ ነው። ሽሮው ደህና ከሆነ፣ በርበሬው ንጹህ ከሆነ፣ ሌላው ቀላል ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ የፈለጋችሁትን ያህል ዘይት ብታፈሱ ወጡ አያምርም። ስለዚህ ሽሮዬን ራሴ ነው የማዘጋጀው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው እየሰማሁ ከየት እንደመጣ የማላውቀውን አልገዛም።

ነገሩ ቤቴ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ። ይህን የምጽፈው ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው። ግቢ ያለው ሰው ብዙም ላይቸገር ይችላል።

የተለመደውን በአጭሩ ልበለው። ለ10 ኪሎ እህል 6 ኪሎ ሽምብራና 4 ኪሎ አተር እወስዳለሁ። ሽምብራው ሰውነት ይሰጠዋል፣ አተሩ ያለሰልሰዋል። ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ወፍጮ ቤት ሄዶ ይከካል፣ ይበጠራል። 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል ተፈጭቶ ክኩ ላይ ይታሻል። ቀይ ሽንኩርት የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልጨምርም፣ ውሃ ይይዛል። ከዚያ ይሰጣል። ሲደርቅ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ የደረቀ በሶብላና ጨው ይገባበታል። ምጥን ከፈለጋችሁ በርበሬውንም እዚሁ ላይ ነው። ከዚያ ወፍጮ ቤት። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ሁለት ጭብጥ ለብቻው ያዙትና ከቀሪው ጋር አትቀላቅሉት።

ከዚህ ሁሉ መሀል «ይሰጣል» የምትለዋን በአንዲት ቃል አለፍኳት። አምና ጉድ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በየሳይቱ «ኮሙናል» የምንለው የጋራ ቤት አብሮ ተሠርቷል። የታሰበውም ለዚሁ ነበር፤ በግ ለማረድ፣ ድግስ ለመደገስ፣ ልብስ ለማጠብ፣ በፎቅ ቤት የማይሠራ ሥራ ለመሥራት። የኛ ኮሙናል ተከራይቷል። ዕቃ መጋዘን ሆኗል። ፊት ለፊቱ ያለው ባዶ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ለማስጣት የቀረልን ከሕንፃው ጀርባ፣ ልብስ የሚሰጣበት ጥግ ነው። ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥሩ አድርጎ ያገኘዋል።

ረቡዕ ጠዋት ሰሌን አንጥፌ፣ በላዩ ንጹህ ሸራ ዘርግቼ አሰጣሁት። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የታሸው ገና እርጥብ ነበር። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ እንላቸዋለን። «ሂጂ ልጄ፣ ዶሮ እንዳይነካው እኔ አያለሁ» አሉኝ። ሥራ ሄድኩ።

6 ሰዓት ገደማ ደወሉ። «ልጄ፣ ሰብስበው ወሰዱብሽ።»

ማን እንደሆነ ስጠይቅ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ነው አሉ። ሁለት ጥበቃዎችና አንድ የኮሚቴ አባል መጥተው፣ ሸራውን በአራት ጠርዙ አንስተው፣ ክኩን ማዳበሪያ ውስጥ ገልብጠው፣ አፉን አስረው ወስደውታል። እማማ ለምነዋቸዋል። «እርጥብ ነው፣ ይበላሻል» ብለዋቸዋል። ማንም አልሰማቸውም።

ሊቀመንበሩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ መመሪያ ነው። በር ላይ ተለጥፏል» አለኝ። እውነት ነው፣ ወረቀት ተለጥፏል። በርበሬና እህል ማስጣት በጥብቅ ክልክል ነው ይላል። የተለጠፈው ግን በዚያው ሳምንት ነው። በስብሰባ አልተወሰነም፣ ማንም አልተጠየቀም። እሱንም ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ቅጣቱን እከፍላለሁ፣ ማዳበሪያውን ፍታልኝና ያስቀመጣችሁበት ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ይበተን አልኩ። ቁልፉ የሌላ አባል እጅ ነው፣ እሱም ክፍለ ሀገር ወጥቷል አለኝ። መቼ ይመለሳል? ዓርብ። ጥበቃው ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቆብ አውልቀው ነው ያናገሩኝ። «ታዘን ነው እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ» አሉኝ። በእሳቸው አልፈረድኩም።

ዓርብ ማታ ቅጣት ክፈይ ተባልኩ። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደረሰኝ ገና አላሳተምንም አሉ። ማዳበሪያው ወጣልኝ። ከውጭ ስነካው ሙቀት አለው። አፉን ስፈታው የኮመጠጠ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። እጄን ወደ መሀል ሳስገባ ክኩ ተያይዞ ጓል ጓል ሆኗል። አንዱን ጓል ስሰብረው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ነገር አድርቶበታል።

እናቴ በስልክ «ፀሐይ ላይ መልሺው፣ ይድናል» አለችኝ። የብዙ እናቶች ምክር ይህ ነው። እኔ አልተቀበልኩትም፣ እናንተም አትቀበሉ። በደንብ ሳይደርቅ የታፈነ እህልና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ጉበት ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። የከፋው ደግሞ ሻጋታው በፀሐይ ቢሞት እንኳ መርዙ አይሞትም። ድስት ላይ ብታንተከትኩትም አይጠፋም። መታሸትና ማራገፍም አያወጣውም። 10 ኪሎውን ጣልኩት። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለገንዘቡ አልነበረም። ጽጌ ገብቷል፣ ቤት ውስጥ ሽሮ የለም፣ እንዳይበላሽ ማድረግ የሚቻለው ነገር ደግሞ አንድ ገመድ መፍታት ብቻ ነበር።

በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ቁጥሩ 370 ነው። የጋራ መጠቀሚያው የሁላችንም የጋራ ንብረት ነው፣ የኮሚቴው አይደለም። የኮሙናሉ ኪራይ ለጥበቃ ደሞዝ ይውላል አሉ። ይሁን። በርበሬ ሲሰጣ አስም ያለባቸው ልጆች ይቸገራሉ ያለች እናትም ነበረች። እሷ ልክ ናት። ለዚህ ነው ከጀርባ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተራ ይሁን ያልኩት። ሊቀመንበሩ «ሽሮ እኮ ሱቅ ሞልቷል» አለ። ይህቺ ንግግሩ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። የሰው ጓዳ ምን መምሰል እንዳለበት እንዲወስን ማንም አልመረጠውም።

እንግዲህ እኔ አሁን የማደርገው ይኸውላችሁ። በርበሬውን ግቢ ያላት አክስቴ ጋ እወስደዋለሁ። ዛላ በርበሬ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በፎቅ ቤት አትሞክሩት። ዘመድ ከሌላችሁ ከምታምኑት ሰው ጋር ተጋርታችሁ አዘጋጁ። ሽሮውን ግን እቤቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ አደርቃለሁ። ምጣዱን ለኩሼ ሞቅ ሲል አጠፋዋለሁ። የታሸውን ክክ ስስ አድርጌ አሰጣበታለሁ፣ በእጄ እያገላበጥኩ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ለኮስ። እጅ የማይችለው ሙቀት ከሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ያርራል፣ ሽሮው ይመርራል። እንጀራ የምትጋግሩበት ቀን ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ የሚቀረው ሙቀት ለመጀመሪያው ዙር ይበቃል። መድረቁን የማውቀው በጥርሴ ነው። አንዷን ክክ ስነክሳት ቀጭ ማለት አለባት። ከለመጠች አልደረቀችም፣ ወፍጮ ቤት አትሂዱ።

ትልልቅ ሰዎች ፀሐይ ያላየ ሽሮ ሽታ የለውም ይላሉ። አክብሬ እቃወማለሁ። የኔን የቀመሰ ሁሉ ከየት አመጣሽው ነው ያለኝ።

ሽሮው ከተገኘ ማብሰሉ ምንም አይደለም። ብዙ ሰው ሽሮን ቶሎ የሚደርስ ምግብ ያደርገዋል፤ በዚህ አልስማማም። ቀይ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃው እስኪመጥ አብስሉት። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ውሃ። ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት የሚለውን ምክር እኔ ትቼዋለሁ። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደርሷል።

ለብርድ ቀን ግን ከሁሉም የምመርጠው የሽምብራ ዓሣን ነው። ከሽምብራው 1 ኪሎ ያህል ለብቻ አስፈጩ። ዱቄቱን በጨው፣ በትንሽ በርበሬ፣ በጥቁር አዝሙድና በዘይት አሹት። ውሃ በማንኪያ ነው የሚጨመረው፤ ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት። በጣት ውፍረት ዳምጡና በቢላ ዓሣ አስመስላችሁ ቁረጡ። ልጆች ካሉ ይህን ለነሱ ስጧቸው፤ ዓይንና ክንፍ ሲሠሩለት ሌላ ደስታ ነው። መጥበሻ ላይ ሁለቱንም ጎን ቆላ ቆላ አድርጉት። ከዚያ ቀይ ቁሌት ውስጥ ገብቶ ወጡን እየጠጣ ይበስላል። እስከ ማታ ሌላ ምግብ አያስፈልግም። ከ9 ሰዓት በኋላ የሚበላ ሰው ይህን ከበላ ብርድ አይደፍረውም።

ዱባ ወጥ በዚህ ወቅት ካልተሠራ መቼ ሊሠራ ነው? ዱባው ከክረምት ወጥቶ በስሏል። ብቻ ውሃ አትጨምሩበት፣ የራሱ ይበቃዋል። ጣፋጭነቱን እንዲገራው በርበሬውን ከምስር ወጥ ከፍ አድርጉ። ከጎኑ ስልጆ ወይም ስናፍጭ ካለ በጣም ጥሩ።

ዘንድሮ አሥራ ሁለት አባወራዎች የፈረሙበት ማመልከቻ ኮሚቴው ጋ ገብቷል። የምንጠይቀው ቅዳሜና እሑድ ከሕንፃው ጀርባ እንድናሰጣ፣ የኮሙናሉ ኪራይ ውልም ሲያልቅ ሳይታደስ በፊት ስብሰባ እንዲጠራ ነው። መልሱ እስካሁን «እናየዋለን» ነው። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ይህን ጥያቄ በነሐሴ አንሱት፣ እህሉ ገበያ ሳይገዛ። ማመልከቻውን ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱ ላይ የተቀበለውን ሰው አስፈርሙ።