ፋሲካ በኮሮና ጊዜ፦ ከሆሣዕና እስከ ቅርጫ በሰሜን ሸዋ አጥቢያዎች

የ2012 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የወጣው መጋቢት 30፣ ሆሣዕና ደግሞ ሚያዝያ 4 ነበር። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ፤ በሰውና በሰው መካከልም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኑር አለ። ቅዳሴ በሥርዓቱ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ስለዚህ ጥቂት አገልጋዮች ከውስጥ ቀርተው፣ አብዛኛው ምእመን ሕማማቱንም ትንሣኤውንም በየቤቱ አሳለፈ። በ2013 (ፋሲካ ሚያዝያ 24) የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተከፍቶ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በተዘጋው ፋሲካ በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ገና መቶ ቤት ነበር፤ በተከፈተው ዓመት መጋቢት ላይ በአንድ ቀን ብቻ ከሺህ በላይ ይመዘገብ ነበር። ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልግ የነበረው ሰው ሁሉ በሰለቸበት በሁለተኛው ዓመት ነው።

ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ከአንኮበር እስከ ምንጃር፣ የአጥቢያው ስፋትና የአየሩ ጠባይ ይለያያል እንጂ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። ሰው የሚጨናነቀው ቆሞ ሲጸልይ አይደለም። ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ወይራ ሲቀበል፣ ጧፍ ሲያበራና ሥጋ ሲከፋፈል ነው። ጸሎቱን ማሳጠር ብዙ አይፈይድም፤ መያዝ ያለባቸው እነዚህ ቦታዎች ናቸው።

ሰሙነ ሕማማት ለጥንቃቄ ከሌላው ሳምንት ሁሉ ይመቻል። ከሰኞ ጀምሮ መስቀል መሳለም የለም፤ ሰላምታ መለዋወጥና መጨባበጥም የለም፤ የይሁዳ ሰላምታ የሚታሰብበት ነውና። ለእማማና ለአባባ «ተራራቁ» ከማለት «ሕማማት ነው» ማለት ይቀላል። ሥርዓቱን አጥብቆ የሚያስተምር መምህር ካለ፣ የጤና ባለሙያ በሞንታርቦ ከሚለፈልፈው ይልቅ እሱ ይሰማል። ችግሩ የሚመጣው እሑድ ነው፤ የሳምንቱ ክልከላ በአንድ ሌሊት ይነሣና ሰው ሁሉ ተቃቅፎ «እንኳን አደረሰህ» ይባባላል። ማስጠንቀቂያው መነገር ያለበት ቅዳሜ ማታ እንጂ ሰኞ አይደለም።

ሆሣዕና ላይ ብዙ የሚባል የለም። ዘንባባው ከአንድ ክምር ሰው እየተሻማ እንዳያነሣው የሰንበት ተማሪዎች አስቀድመው ከፋፍለው በየበሩ ያድሉ። የዕለቱ ጸሎተ ፍትሐት በሳምንቱ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ የሚደረስ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ይመጣል፤ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቢደረግ ይሻላል።

ውኃውን አስቀድሞ ማሰብ ነው። አንድ ሰው በሳሙና በደንብ ሲታጠብ በቁጠባ ግማሽ ሊትር ይፈጃል። ሁለት መቶ ሰው ለአንድ ጊዜ መቶ ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር አምስት ጄሪካን ይፈልጋል። ስቅለት ሙሉ ቀን ስለሆነ እጥፉን ያዙ። ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን ከሌለ፣ ጄሪካኑን በገመድ አንጠልጥሎ በእግር በሚረገጥ እንጨት ማዘንበል ይቻላል፤ ማንም በእጁ አይነካውም። ደጋው ላይ የሚያበላሸው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ በሌሊት የወጣ ውኃ ጣት ስለሚያደነዝዝ ሰው ጫፉን ነክሮ ያልፋል። ለትንሣኤ ሌሊት አንድ በርሜል ውኃ ምድጃ ላይ ጥዶ ለብ አድርጎ መቀላቀል ከሦስት ማስታወቂያ ይበልጣል።

በረኪና ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ወለልና የበር እጀታ ለመወልወል በ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል ይበቃል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም ያደረ ኃይሉን ያጣል። መጀመሪያ አቧራውና ጭቃው ይጠረግ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም። ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። ሥዕል፣ መጋረጃና አልባሳት አጠገብ ደግሞ አይድረስ፤ ቀለሙን አንዴ ከላጠው የሚመልሰው የለም። እነዚህን የሚያጸዳው ካህኑ ወይም ዲያቆኑ ብቻ ነው፣ በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ።

አረቄ ለእጅ ማጽጃ ይሆናል ያሉ አልጠፉም፣ በተለይ በደብረ ብርሃን አካባቢ። አይሆንም። ለእጅ ማጽጃ አልኮሉ ከ60 በመቶ በላይ መሆን አለበት፤ በቤት የሚወጣ ዳግም አረቄ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ አይሞላም። ለበዓል እንግዳ ይቀመጥ።

ጸሎተ ሐሙስ ቀላል ነው። ሕጽበተ እግሩን ለጥቂት ሰው ብቻ ማድረግና ለእያንዳንዱ ውኃውንም የወይራና የወይን ቅጠሉንም መቀየር። ጉልባኑ ግን ከአንድ ሳሕን በእጅ እየተዘገነ መሆኑ ቀርቶ በየቤቱ ይቀቀል፤ የተፈተገው ስንዴና የባቄላው ክክ ከዋዜማው ቢዘፈዘፍ ማገዶም ይቆጥባል።

ስቅለት ከሁሉም ይከብዳል። ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ነው፤ የሚሰግድ ሰው ደግሞ ከቆመ ሰው ይበልጥ ቦታ ይይዛል፣ ትንፋሹም ይበረታል። ለአንድ ሰው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ማለትም አራት ካሬ ሜትር ቢታሰብ፣ 20 በ30 ሜትር የሆነ ግቢ 150 ሰው ይይዛል። ከዚያ በላይ ከመጣ የውጭውን ሜዳ መክፈት እንጂ ማጠጋጋት አይገባም። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ስለሚቆሙ ግቢውን እኩል ለሁለት መክፈል ይመስላል ትክክሉ፤ ግን የሴቶቹ ወገን ሁልጊዜ ይሞላል። ስለዚህ የእነሱን ሰፋ አድርጉ።

ምልክቱን በኖራ ማስመር ለዓይን ያምራል፣ ግን ጊዜው የበልግ ነው። አንኮበር፣ ደብረ ሲናና መንዝ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ ዝናብ ከጣለ ኖራው የለም፤ ሰው ወዲያው ከዛፍና ከክፈፍ ሥር ይሰበሰባል፣ የጠዋቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሚሻለው ድንጋይ መደርደር ወይም ችካል መትከል ነው፤ የእድሩ ድንኳንም ጎኑ ሳይሸፈን ጣሪያው ብቻ ይወጠር። ጎኑ ከተሸፈነ የተዘጋ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ግንባር የሚነካው መሬት ነውና የቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍና ሰሌን ተጠቅልሎ ይነሣ፤ ሁሉም የራሱን ያምጣ። አጎዛ የሌለበት ቤት በመንዝ አይታጣም፤ ሌላ ቦታ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነጠላ ማንጠፍ ይበቃል። ማስክ ሁለት ይያዝ። ግማሽ ቀን የተሰገደበት ማስክ በትንፋሽና በላብ ስለሚረጥብ አየር ይከለክላል፤ ሰውየው ወደ አገጩ ያወርደዋል፣ ከዚያ አይመልሰውም። ነጠላ የሚጠቀሙ እናቶች አራት እጥፍ አድርገው ከአፍንጫ በላይ ይያዙት፤ በአንድ እጥፍ ስስ ነጠላ ዓይን ሁሉ ያሳልፋል። አስም፣ ልብ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ቆሞ ኪርያላይሶኑን ቢቀበል ስግደቱን ያስቀረ አይባልም፤ ይህንም ካህን በአንደበቱ ቢናገረው ነው ሰው የሚያምነው።

ከዚያ የቀኑ ትልቁ ወረፋ ይመጣል። ሠርሖተ ሕዝብ፣ ማለትም የሕዝቡ ስንብት፣ ሲቃረብ ሁሉም ወደ ካህናቱ ቀርቦ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ይጠበጠባል፣ የስግደት ቁጥሩም ይነገረዋል። ቀኑን ሙሉ ተራርቆ የዋለ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተነባብሮ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ጾም አድክሞታል፣ ቤቱ ሊሄድ ቸኩሏል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ቁጥሩን ካህኑ በጆሮ ሹክ የሚል ከሆነ ሁለት ፊቶች ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ይገናኛሉ። አሠራሩን መቀየር ይቻላል፤ ወይራው ከክንድ የሚረዝም ቅርንጫፍ ይሁን፣ ካህናቱ በአንድ ቦታ ሳይሆን በግቢው አራት ማዕዘን ይቁሙ፣ ሕዝቡ በቦታው ቆሞ ካህኑ በረድፎቹ መካከል ይለፍ። ለሁሉም የሚሆን አንድ የስግደት ቁጥር ከዐውደ ምሕረት ይታወጅ፤ የግል ኃጢአቱን ሊናዘዝ የሚፈልግ ከንስሐ አባቱ ጋር ሌላ ቀን ይያዝ። የሚበላሸው መቼ ነው? አንድ ታዋቂ አባት መካከል ላይ ሲቆሙ። ረድፉ ሁሉ ወደ እሳቸው ይጎርፋል። እሳቸው ከበሩ በጣም በራቀው ማዕዘን ይቁሙ።

ከቤት ለሚቀር ሰው፣ በ2012 እንደሆነው፣ ሰዓቱን የሚያስታውሰው ደወሉ ነው። ጠዋት፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት ደወል ከተመታ፣ ቴሌቪዥን የማይደርስበት መንደር ሁሉ እኩል ይሰግዳል። መዝሙረ ዳዊት ማንበብ የሚችል ልጅ ያነባል፣ ቤተሰቡ በመቁጠሪያ አርባ አንድ ኪርያላይሶን ይላል። ደወሉ ለሰዓት ሌላ፣ ለሞት መርዶ ሌላ አመታት እንዳለው ለአዲሱ ደዋይ መንገር አይረሳ፤ በወረርሽኝ ጊዜ በተሳሳተ አመታት መንደር ይሸበራል።

ቀዳም ስዑር ቄጤማ ነው። በደኅናው ዘመን ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሃደ» እያሉ በየቤቱ ይገባሉ፣ ምእመኑም ቄጤማውን በራሱ ላይ ያስራል። በወረርሽኝ ጊዜም ይዙሩ፤ ከደጅ አይለፉ። ቄጤማው አርብ ማታ በየቤተሰቡ ልክ ታስሮ፣ በርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይደር፤ ጠዋት የሚያድለው አንድ ሰው፣ ገንዘብ የሚቀበለው ሌላ ሰው ይሁን። የተዳበሰ ብር በያዘ እጅ ለራስ የሚታሰር ቄጤማ ማደል ሁሉን ያበላሻል።

የትንሣኤ ሌሊት ላይ ከበሽታው በፊት እሳቱን ፍሩ። የእጅ ማጽጃ አልኮል ይቀጣጠላል። ሰው በር ላይ እጁን አጽድቶ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጧፍ ሲቀበል፣ እጁም የነጠላው ጫፍም ርጥብ ነው፤ ነበልባሉም ፈዛዛ ስለሆነ ቶሎ ልብ አይባልም። ከሚበራ ጧፍ ጋር በአንድ በር ላይ ሳሙናና ውኃ ብቻ ይቀመጥ። አልኮል የግድ ከሆነ እጁ እስኪደርቅ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ጧፍ አይሰጠው።

ዲያቆኑ «ወተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃሕ እምንዋም» ብሎ ምስባኩን ሲሰብክ ጧፉ ይበራል፤ ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ ለማብራት ፊቱን ያስጠጋል፣ የጠፋበትም እፍ እያለ ይሞክራል። ለየረድፉ አንድ አብሪ ይመደብና በክንድ ተኩል እንጨት ጫፍ ላይ ጧፍ አስሮ ይዙር። በዐቢይ ጾም አርፈው የከረሙት ከበሮና ጸናጽል የሚወጡትም በዚህ ሌሊት ነው፤ ጸናጽል ከእጅ ወደ እጅ አይዙር፣ ሁሉም የያዘውን ይዞ ያድር። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል መልሱን ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ስለሚመልስ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ከሚታጨቅ ሁሉም ውጭ ይሁን፣ በሮቹና መስኮቶቹ ይከፈቱ። ብርዱን ለጋቢ ተዉት። ከቅዳሴ በኋላ የሚጠጣው ጠበል በአንድ ኩባያ የሚዞር ከሆነ፣ ሁሉም ከቤቱ ኩባያ ይዞ ይምጣና ዲያቆኑ ከላይ ያፍስስለት። ስለ ቅዱስ ቁርባኑ አሰጣጥ የሚናገሩት አባቶች ናቸው፤ የአስተናባሪ ሥራ ቆራቢዎቹን አራርቆ ማሰለፍ ላይ ያበቃል።

ደጁ ሲዘጋ የሚራቡ አሉ። በበሩ የሚቀመጡት ነድያንና በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የሚለምኑት የቆሎ ተማሪዎች። በሚያሳድዳቸው ውሻ ላይ ደግሞ «በሽታ ታመጣላችሁ» የሚላቸው ሰው ይጨመራል። ሰበካ ጉባኤው ተማሪዎቹን ከመንደር ማስቀረት ከፈለገ አስቀድሞ ስንቅ ይስጥ፤ የእርዳታ እህል ልክ በዚያ ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ሰባት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ከአንድ ኪሎ ያላነሰ ክክና ጨው ጋር። በአንዲት ጎጆ ብዙ ሆነው የሚያድሩትን ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መበተን ይገባል። በ2013 ከአጣዬና ከአካባቢው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የገቡት ወገኖች በመጠለያ ተጨናንቀው በዋሉበት ፋሲካ፣ ይህ ሁሉ ስሌት ለእነሱ የቅንጦት ነበር፤ ሳሙናና ብርድ ልብስ ይቀድም ነበር።

የቀረው ቅርጫ ነው። የእሑድ ጠዋት ቅርጫ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የባሰ ያጨናንቃል፤ አሥራ ሁለት አባወራ በአንድ በሬ ዙሪያ ቆሞ ያወራል፣ ይስቃል፣ ቢላ ይዋዋሳል። አራት ሰው ይበቃል፤ ሁለት አራጅና ገፋፊ፣ አንድ መዳቢ፣ አንድ ዕጣ ጣይ። ሌላው ምልክቱን፣ ቁልፍም ይሁን ስንጥር፣ በላስቲክ አድርጎ ቅዳሜ ያስረክብ። ሰው የሚቆመው ሥጋውን ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ ሻኛውና ሽንጡ ወደ አንዱ መደብ እንዳያደላ ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ መዳቢው ዕጣ አይጣልለት፤ ለሁሉም ደርሶ የተረፈውን መደብ ይውሰድ። እኩል ካልመደበ የሚጎዳው ራሱ ስለሆነ የሚጠብቀው አያስፈልግም። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ሦስት ሦስት ሰው በስልክ ይጠራ፣ ዕቃውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ጨጓራውና አንጀቱ ብዙ ውኃ ስለሚፈልግ መጨረሻ ላይ ይከፋፈል፤ እዚያው ሊያጥብ የሚቀመጥ ሰው ካለ ወረፋው ይቆማል፣ ቤቱ ወስዶ ይጠበው። ለታመመና ለይቶ ማቆያ ለገባ ጎረቤት የሚደርሰው መደብ አስቀድሞ ተለይቶ በልጅ ሳይሆን በአዋቂ እጅ ደጁ ድረስ ይሂድለት፤ ተልባውም አብሮ።