ሻርጃ ላይ ያወቅኩት ካፒቴን

ኤምሬትስ ውስጥ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የሰራ ሀበሻ ይሄን ያውቃል፣ በእረፍት ቀን መኪና ያልቆመበት ባዶ አሸዋ ከተገኘ ክሪኬት አለ (ኳስ በዱላ እየመቱ ሩጫ የሚቆጥሩበት ጨዋታ)። የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ጥብቅ አድርገው ይጠቀልሉና ባዶ የለስላሳ ካሳ አቁመው በዛ ሙቀት እስከ መግሪብ ነው። እኔ ደሞ ከኳስ ውጪ ምንም አይታየኝም፣ እነዚህ ሰዎች ቆመው ምን ይጠብቃሉ እል ነበር።

የመጋዘናችን ሹፌር አፍጋኒ ነው፣ ፓኪስታን ፔሻዋር ያደገ። መሀመድ ነቢንም ያስተዋወቀኝ እሱ ነው፣ የአፍጋኒስታን ክሪኬት ቡድን ካፒቴን የነበረውን ማለቴ ነው። ነቢም በጦርነቱ ሰበብ ከተሰደደ ቤተሰብ ነው፣ ክሪኬት የለመደው እዛው ፔሻዋር ነው፣ እና ጨዋታውን አገራቸው ያስገቡት በብዛት እንደሱ ያሉ ስደተኞች ናቸው። እኛ ከስደት ቴሌቪዥንና ሽቶ እንልካለን፣ እነሱ ብሔራዊ ቡድን ላኩ!

አገራቸው ላይ በጸጥታው ምክንያት ሌላ ቡድን ስለማይመጣ ሻርጃ እንደ ሜዳቸው ነበር። በፈረንጆቹ 2013 ነቢ ካፒቴን ሆኖ እዚሁ ኬንያን 93 ሩጫ ላይ አስቁመው አሸነፉና ለ2015ቱ ዓለም ዋንጫ አለፉ፣ በረጅሙ (የ50 ኦቨር) ጨዋታ ለአገሪቱ የመጀመሪያው (ኬንያ ጎረቤታችን ናት ግን በክሪኬት ማን ያዝንላታል)። በዛው ዓመት አባቱ ታግተው ነበር፣ በኋላ ተለቀቁ እንጂ። ከአገር ቤት ባልተለመደ ሰዓት ስልክ ሲደወል ሆዱ የሚላወስ ሰው ይሄን እኔ አላስረዳውም።

በጥቅምት 2021 ግን ሌላ ነው። ካቡል በታሊባን እጅ ከገባች ሁለት ወር አልፏል፣ የቡድኑ ኮከብ ራሺድ ካን ካፒቴንነቱን ሲለቅ ነቢ እንደገና ተረክቧል፣ በአጭሩ ጨዋታ (ቲ20) ዓለም ዋንጫ ሻርጃ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ነው። ስልኩን ፔርሙስ ላይ አስደግፈን አምስት ሆነን አንድ አልጋ ላይ ተደርድረናል፣ ያ ከታሊባን በፊት የነበረው የድሮው ብሔራዊ መዝሙር ሲጀመር ካሜራው ነቢ ላይ ሄደ፣ ሰውዬው እያለቀሰ ነው። ሹፌራችን ሁሌ እየጮኸ የሚያይ ሰው ያን ቀን ቃል አልወጣውም፣ ሻዩን እንደያዘ ቀረ። ከዛ 190 ሩጫ አስቆጥረው ስኮትላንድን 60 ላይ ዘጓት፣ ጩኸቱ ያኔ መጣ፣ ካምፑ ተናወጠ።

2022 አውስትራሊያ ላይ በቲ20 ዓለም ዋንጫ አንድም ሳያሸንፉ ሲቀሩ ነቢ ካፒቴንነቱን ለቀቀ፣ መጫወቱን ግን አልተወም። እኔም አሁን ሰው ሲጎድላቸው "ሀበሺ ና" እያሉ ዳር ያቆሙኛል፣ ኳስ እመልሳለሁ፣ መምቻውን ዱላ እስካሁን ማንም አልሰጠኝም።